አይፎን የያዘ ሚዜ አይገባም

የዝማሬ ሰርግ እሁድ ሊሆን መብራት ዓርብ ማታ ጠፋ። በሚያዝያ ዝናብ አንድ ትልቅ ዛፍ ሽቦው ላይ ወድቆ ነው ተባለ። ቦንጋ ላይ ዛፍ ወደቀ ሲባል የሚደነግጥ ሰው ስለሌለ ዝግጅቱ ቀጠለ፤ ሽንኩርቱ የተላጠው፣ ዶሮው የተበለተው፣ ብርዙ የተጠለለው ሁሉ በስልክ መብራት ነበር። እሁድ ሲነጋ በመንደሩ ነፍስ ያለው ስልክ አልቀረም።

ለሰርጉ የተገኘው ጄኔሬተር አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ለድምፅ ማጉያው ቤተ ክርስቲያን ወስደውታል። የሙሽራዋ እናት እትዬ በላይነሽ መላ አያጡም። የቤቱንም የጎረቤቱንም ስልክ በሰፌድ ሰብስበው፣ ከነገመዱ ከጄኔሬተሩ ጋር ላኩት።

"እኛ ለሥርዓቱ እስክንደርስ እነሱም ይጠግባሉ" አሉ።

የቀረው የዝማሬ አይፎን ብቻ ነበር። ፎቶ ይነሳበታል ተብሎ ቅዳሜ ሆቴል ተወስዶ ተሞልቶ፣ በነጠላ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። የእኔም ቀርቶ ነበር፤ የእኔ ግን ባለቁልፍ ነው፣ ከመደወል በቀር ሌላ አያውቅም። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ከዚያ የበለጠ አላስፈለገኝም።

ዝማሬን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ቤታችን አጥር ይጋራል። ዛሬ እሷም እንደ እኔ የኬሚስትሪ መምህርት ሆናለች፤ ግን እስካሁን የምትጠራኝ "ቲቸር" ብላ ነው። በእሷ የተነሳ እናቷም፣ የእናቷ እድርተኞችም ቲቸር ይሉኛል። ያን ቀን ጠዋት ከጀርባዋ ቆሜ የቬሎዋን ቁልፎች አንድ በአንድ ሳስገባ በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ።

"ቲቸር፣ ዝውውሩን አልሞላሁም።"

እጄ ቁልፉ ላይ ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዝማሬ የምታስተምረው ደካ ነው፤ እጮኛዋ ኢያሱ ደግሞ ቦንጋ፣ ግብርና ውስጥ ይሠራል። በዚያ ዓመት በወጣው መመሪያ የጋብቻ ማስረጃ አያይዞ ያመለከተ መምህር ያለ ውድድር ባለቤቱ ወዳለበት ከተማ ይዛወራል። ማመልከቻው የሚገባው በኢንተርኔት ብቻ ሲሆን ገጹ እሁድ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ያመለጠው የሚቀጥለውን ዓመት ይጠብቃል። ሁለቱ ማዘጋጃ ቤት ፈርመው ማስረጃቸውን የያዙት ዓርብ ከሰዓት ነው። ዓርብ ማታ መብራት ጠፋ፤ ቅዳሜ ኢንተርኔቱም አብሮት ጠፍቶ ዋለ። ደካ ምን ያህል ይርቃል የሚል ሰው መንገዱን በክረምት አላየውም።

"ኢያሱ ያውቃል?" አልኳት።

"ቅዳሜ ሞላሁ ብዬዋለሁ።"

"ለምን?"

"ይጨነቃላ!"

"እንግዲህ ዛሬ አግቢውና ከነገ ጀምሮ እውነት መናገር ትለማመጃለሽ" ብያት ቁልፉን አስገባሁ። "ስልኩን አምጪው።"

ስልኩን የቀማችን ወንጌላዊት ናት፤ አንደኛ ሚዜዋ። ከዞኑ ጽሕፈት ቤቶች በአንዱ ኮምፒውተር ላይ ስለምትሠራ እንዲህ ያለው ነገር በእሷ ፊት ሌላ ሰው አይነካም። አልጋው ላይ ቁጭ ብላ ገጹን ከፈተች። ኢንተርኔቱ ጠዋት ተመልሷል። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የቅጥር ዘመን፣ ሁሉንም እንደ ነፋስ ሞላችው። ከታች "ማስረጃ ያያይዙ" ይላል። ነካችው።

ገጹ ነጭ ሆነ። ፊደል የለ፣ መስመር የለ። እንደ ቬሎው ንጹሕ ነጭ።

ደግማ ከፈተችው፣ ደግማ ሞላችው፣ ደግማ ነካችው። ነጭ።

"ብሮውዘሩ ነው" አለች እጅጌዋን እየሰበሰበች። "ቢሮም እንዲህ ያደርገኛል። ሌላ ብሮውዘር ስጭንበት ወዲያው እሺ ይላል።"

ሳፋሪን ዘግታ ክሮምን አወረደች። ነጭ ሆነ። ፋየርፎክስን አወረደች። ነጭ። "ኦፔራ አሳፍሮኝ አያውቅም" ብላ ኦፔራን አወረደች፤ እሱም በሰርጋችን ቀን አሳፈራት። ብሮውዘሩ በተለወጠ ቁጥር ፎርሙ ከስም ጀምሮ ስለሚሞላ ሚዜዎቹ ሁሉ የዝማሬን መረጃ በቃላቸው ይዘውታል። ወንጌላዊት "የመታወቂያ ቁጥር!" ስትል እንደ ኳየር በአንድ ድምፅ ይወርዱታል፤ አንዷማ ሁለተኛ ድምፅ ጀምራለት ነበር።

እትዬ በላይነሽ ማማሰያ እንደያዙ አንገታቸውን በበሩ አስገቡ። "ምንድን ነው የምትጸልዩት?"

"የሥራ ጉዳይ ነው እማዬ" አለች ዝማሬ።

"በቬሎ?"

መልስ ሳንሰጣቸው የመኪና ጡሩንባ ተሰማ። የሙሽራው ወገን ከትውልድ ከተማው ከሺሺንዳ ደረሰ።

በእኛ ዘንድ ሙሽራው ሲመጣ የሴቷ ሚዜዎች በሩን ይይዛሉ። ወንዶቹ ከውጭ ይዘፍናሉ፣ ይለምናሉ፤ ሽቶ ይረጫሉ፣ ከረሜላ ይበትናሉ። ሴቶቹ እስኪበቃቸው አስለምነው ይከፍታሉ። ደስ የሚል ጨዋታ ነው። ሴቶቹ ፎርሙን ጥለው ሮጡና መቀርቀሪያውን ወርውረው ጀርባቸውን በሩ ላይ ለጠፉ። ወንጌላዊትም ስልኩን እንደያዘች ሮጠች። ዝማሬ ጫማዋን አውልቃ፣ ቬሎዋን በሁለት እጇ ሰብስባ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። እኔ ቀሚሱ ወለል እንዳይጠርግ ከኋላዋ።

ከውጭ ከሁሉም ጎልቶ የሚሰማው የሚሊዮን ድምፅ ነው። ሚሊዮን የኢያሱ አንደኛ ሚዜ ነው፤ ሺሺንዳ ላይ የሞባይል ሱቅ አለው። ያንን አይፎን ኢያሱ ለሙሽራዋ ስጦታ የገዛው ከእሱ ነው።

ወንጌላዊት አፏን የበሩ ስንጥቅ ላይ አደረገች። "ሚሊዮን! የሸጥክልን ስልክ አንድ ገጽ መክፈት አቃተው!"

"የእኔ ስልክ የማይከፍተው የለም! ሌላ ብሮውዘር ጫኚበት!"

"አራት ሞክሬያለሁ!"

ከውጭ ዘፈኑ ቀዝቀዝ አለ። "ስንት አልሽ?"

"አራት!"

"እ።"

"ምን እ ትላለህ? ተናገር እንጂ!"

"አይፎን ከሆነማ አርባም ብትጭኚ ያው ነው። የሚለያየው ስሙና ምልክቱ ነው። ገጹን የሚከፍተው ግን የስልኩ የራሱ ሞተር ነው፤ ኩባንያው እዚህ አገር ሌላ ሞተር አያስገባም። ሕጉ ነው። አንዱ ላይ እምቢ ያለ ገጽ ሁሉም ላይ እምቢ ይላል።"

"ስትሸጥልን የፈለጋችሁትን ብሮውዘር ትመርጣላችሁ አላልክም?"

"መረጣችሁ እኮ! አራቱንም መረጣችሁ!"

"በለኛ እንደኛ ወጥ ነው" አሉ እትዬ በላይነሽ ማማሰያቸውን እያወዛወዙ። "አራት ጠረጴዛ ላይ ቀርቦ ከአንድ ጎላ የሚጨለፍ።"

"ልክ እንደሱ ነው እማማ!" አለ ሚሊዮን ከውጭ።

"እማማ አትበለኝ፣ ገና አላስገባንህም!"

ሴቶቹ በሳቅ ከበሩ ላይ ሊወድቁ ነበር። እኔ የግድግዳውን ሰዓት አየሁ። ዝማሬም አይታዋለች፤ ከንፈሯን ስትነክስ የቀባናት ቀለም ጥርሷ ላይ ቀረ።

"አይፎን ያልሆነ ስልክ ካገኘን ያበቃል" አልኳቸው ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

ወንጌላዊት አየችኝ። ከዚያ በሩን አየች። ፊቷ ላይ የመጣውን ፈገግታ ተማሪ ሆና ባየው ኖሮ ወላጅ አምጪ እላት ነበር።

"ስሙ እናንተ ሰዎች!" አለች። "ሽቶ አንፈልግም! ከረሜላ አንፈልግም! መግባት የሚፈልግ ስልክ ያምጣ!"

ውጭ ያሉት ቀልድ መስሏቸው በጭብጨባ ተቀበሏት።

"አይፎን ያልሆነ!"

ጭብጨባው ቆመ።

መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ አየሁ። አራቱ ሚዜዎች አንድ ዓይነት ሱፍ ለብሰው ተደርድረዋል። እያንዳንዳቸው ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ይተያያሉ። አንዱ አይፎን፣ ሁለተኛው አይፎን፣ ሦስተኛው አይፎን። የሚሊዮንማ አዲስ ከመሆኑ የተነሳ ላስቲኩ አልተላጠም።

"ሰላሐዲን፣ የራስህ ስልክ የታለ?" ብላ ጮኸች ወንጌላዊት። ሰላሐዲን ረጅሙ ሚዜ ነው፤ የኢያሱ የኮሌጅ ጓደኛ።

"ሚሊዮን ሱቁ ውስጥ ቆልፎበታል! ፎቶ ላይ እንድናምርለት ብሎ እነዚህን አከፋፈለን፤ ማታ እንመልሳለን!"

"ሰላሐዲን!" አለ ሚሊዮን።

"ምን ላድርግህ? ሰርግ በር ላይ ቆሜ ልዋሽ?"

ከዚህ በኋላ ሴቶቹን የሚያቆማቸው አልተገኘም። አንዷ ጭብጨባ ጀመረች፣ ሌላዋ ወለሉን በእግሯ መታች፤ እዚያው የፈለሰፉትን ያዜሙት ጀመር። "አይፎን የያዘ ሚዜ፣ አይገባም! አይገባም!" ጓሮ ድስት የሚያማስሉት ሴቶች ስለ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ተቀበሏቸው። ድንኳን ውስጥ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ሳይቀሩ አጨበጨቡ።

"ሌላ ሰው የለም? ሾፌሩስ?"

"ሴቶቹን የያዘው መኪና ጭቃ ውስጥ ገብቶ ሊያስጎትት ተመልሷል!"

የኢያሱ አጎት ጋሽ ደጉ በሚዜዎቹ መሀል አልፈው ወደ መስኮቱ ቀረቡ። ከካፖርታቸው የውስጥ ኪስ አንድ ነገር በክብር አወጡ። "ይሄስ ልጆቼ? ባትሪው ሳምንት ይቆያል።"

የእኔ ስልክ ታላቅ ወንድም ነበር።

"ለእርስዎ በሩም ቤቱም ክፍት ነው ጋሼ፣ ስልክዎ ግን አይሆንም!" አለች ወንጌላዊት።

"ቤተ ክርስቲያን ልሂድ?" አለች አንዷ ሚዜ። "ሮጬ ከሰፌዱ አንዱን ላምጣ?"

"በዚህ ታኮ? በዚህ ጭቃ? ስትመለሺ ክርስትናም ደርሶልን ይሆናል" አሉ እትዬ በላይነሽ። እየሳቁ ነበር የጀመሩት፤ የልጃቸውን ፊት ሲያዩ ግን ሳቃቸውን ዋጡት። "ቆይ፣ ምንድን ነው ግን? ይሄ ፎርም ባይሞላ ምን ይሆናል?"

"ደካ እመለሳለሁ እማዬ" አለች ዝማሬ። "ብቻዬን። እስከሚመጣው ዓመት።"

ያን ጊዜ ነው ኢያሱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገረው። ሙሽራ በር ላይ አይናገርም፤ የሚናገሩለት ሚዜዎቹ ናቸው። ድምፁ በጣም ቅርብ ነበር፤ ግንባሩን በሩ ላይ ያስደገፈ ይመስላል።

"ዝማሬ፣ ምንድን ነው የጎደለው?"

ዝማሬ ሴቶቹን በእጇ ገለል አድርጋ ወደ በሩ ተጠጋች። "ዝውውሩ።"

"ቅዳሜ ሞላሁ አላልሽኝም?"

"አልሞላሁም።"

ሁላችንም ቁጣውን ጠበቅን። እንኳን ሴቶቹ፣ ጓሮ ያሉትም ማማሰያቸውን ያቆሙ መሰለኝ።

"ቆዩ" አለ ኢያሱ።

በመጋረጃው ስንጥቅ አየሁት። ቀኝ እግሩን ደረጃው ላይ ሰቀለ። ሕዝቡ ሁሉ እያየው የሱሪውን ጫፍ እስከ ባቱ ጠቀለለ። ከካልሲው ውስጥ፣ መስታወቱ የሸረሪት ድር የመሰለ አሮጌ ቴክኖ ሞባይል መዘዘ።

"ኢያሱ!" ብሎ ጮኸ ሚሊዮን። "ያንን ጉድ ቤት ተወው አላልኩህም?"

"ዝማሬ ብትደውልስ?"

"በሰርግህ ቀን ምን ብላ ትደውላለች?"

"ይኸው ፈለገችኝ አይደል?"

በሩ ቢከፈት ወንዶቹ ተንጋግተው ይገባሉ ብላ ስለሰጋች ወንጌላዊት ስልኩን በመስኮቱ ብረት መሀል ተቀበለችው። ገና ከሰው ቁርጭምጭሚት ስለወጣ ሞቅ ያለ ነበር፤ በሁለት ጣቷ ነው የያዘችው።

"የይለፍ ቁጥሩ!"

ኢያሱ ክራቫቱን ማስተካከል ጀመረ።

"ኢያሱ! የይለፍ ቁጥሩ!"

"የ… የተዋወቅንበት ቀን ነው።"

ወንዶቹ ያወጡትን ድምፅ እዚህ መጻፍ አልችልም። ዝማሬ ቀይ ሆና ስልኩን ተቀበለችና ቁጥሩን ራሷ ጻፈችው። ሳትሳሳት።

የማስረጃው ፎቶ ያለው አይፎኑ ውስጥ ነው። ሰላሐዲን "በብሉቱዝ ላኩት!" ሲል ሚሊዮን ሌላ መርዶ አረዳን፤ ሁለቱ ስልኮች በብሉቱዝ ፎቶ አይቀባበሉም።

"ይሄም ሕግ ነው?" አሉት እትዬ በላይነሽ።

"ይሄም ያው ነው እማማ።"

"ልጄን ለጎረቤት አገር የዳርኳት መሰለኝ።"

ዝማሬ በቴሌግራም ላከችው። ፎቶው ሲደርስ ወንጌላዊት አሮጌው ስልክ ላይ ካሉት ብሮውዘሮች በአንዱ ገጹን ከፈተች። "ስም!" አለች። ሴቶቹ በአንድ ድምፅ። "የአያት ስም!" አሁን የሰሙት ወንዶችም ከውጭ አብረው። "የመታወቂያ ቁጥር!" ሰላሐዲን አንድ አኃዝ ተሳስቶ በሁለቱም ወገን ተወገዘ። "ማስረጃ ያያይዙ" ላይ ስንደርስ ሴቶቹ ሁሉ ስልኩ ላይ አጎነበሱ። ወንጌላዊት ነካችው። ትንሿ ክብ ዞረች። ዞረች። ዞረች። የዝማሬና የኢያሱ ፎቶ ከነማኅተሙ ብቅ አለ።

ጩኸታችንን የሰሙት ወንዶች በሩ የተከፈተ መስሏቸው ተወረወሩ። በሩ ጠንካራ ነበር፤ ሚሊዮን አፍንጫውን ይዞ ተመለሰ።

ገና ሳንጨርስ ደስ ብሎናል። አንድ ጥያቄ ቀርቶ ነበር። ወንጌላዊት ጮክ ብላ አነበበችው። "ከትዳር አጋርዎ ጋር በአንድ ከተማ መኖር ያስፈለገበትን ምክንያት ይግለጹ።"

"ሽሮ መሥራት ስለማይችል በይ!" አለ ሰላሐዲን።

"ስልኩን ካልሲው ውስጥ ስለሚከት በይ!" አለች አንዷ።

"ለአገር ልማት በይ የኔ ልጅ" አሉ ጋሽ ደጉ በመስኮቱ። "ፎርም ላይ የሚያምረው እሱ ነው።"

"የልጅ ልጅ ስለምፈልግ በይ፣ ስሜን ጥሪላቸው!" አሉ እትዬ በላይነሽ።

ዝማሬ ስልኩን ከወንጌላዊት ተቀብላ ጣቷን መስታወቱ ላይ አንዣበበች። አንድም ፊደል አልጻፈችም። ሰዓቱን አየች፤ ከዚያ ዞራ እኔን አየችኝ።

"ቲቸር፣ ምን ልበል?"

"የዋልኩትን ማታ የምነግረው ሰው እንዲኖረኝ፣ በይ" አልኳት።

ጎንበስ ብዬ የቬሎዋን ጫፍ ከወለሉ አነሳሁ፤ ትንሽ ጭቃ ነክቶት ነበር፤ በጥፍሬ አራገፍኩት። ዝማሬ ያልኳትን እንዳለ ጻፈችው።

"ፊደሉ አነሰ፣ አልበቃም ይላል!" ብላ ወንጌላዊት ስትጮኽ፣ ዓይን ሁሉ ከእኔ ላይ ስለተነሳ ላቅፋት ምንም አልቀረኝም።

"የእሱንም ውሎ እንድሰማለት ብለሽ ጨምሪ!" አለ ኢያሱ ከበሩ ጀርባ። "እኔም የምነግርሽ አለኝ!"

ጨመረችው። በቃው። ላከችው።

አረንጓዴ ምልክት መጣ፤ ከሥሩ "ማመልከቻዎ ደርሶናል" ይላል። ሰዓቱ ለስድስት ጥቂት ጉዳይ ነበር።

እልልታው ከኮሪደሩ ተነስቶ ጓሮውን፣ ከጓሮው ድንኳኑን ያዘ። ድንኳን ውስጥ ያሉት ጋብቻው የተፈጸመ መስሏቸው ቆሙ። ሴቶቹ ምን እንደሚጠብቁ ረሱ። በጓዳው በር ወጥተው፣ ቤቱን ዞረው ከሚዜዎቹ ጋር ተቀላቀሉ፤ የፈለሰፉትን ዜማ ራሳቸው ወንዶቹ አይፎናቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ይቀበሏቸዋል። ወንጌላዊት በሚሊዮን ፊት እስክስታ ወረደች። ጋሽ ደጉ ባለቁልፍ ስልካቸውን እንደ ጭራ እያወዛወዙ መሀል ገቡ። እትዬ በላይነሽም ማማሰያቸውን ይዘው ተከተሉ።

በሩ ይንኳኳል።

"ኧረ ክፈቱልኝ!" ይላል ኢያሱ። "ማነው እዚያ?"

ማንም አልነበረም፤ ዝማሬና እኔ ብቻ። ልከፍት ስራመድ ዝማሬ ቀደመችኝ። በባዶ እግሯ ሄዳ መቀርቀሪያውን በሁለት እጇ ሳበችው። እትዬ በላይነሽ ከግቢው አይተዋት "ኧረ ጉድ! ሙሽራ በሯን ራሷ ትከፍታለች?" ሲሉ ተሰሙኝ።

ኢያሱ ቆሞ ነበር፤ አንዱ የሱሪው እግር እስከ ባቱ እንደተጠቀለለ።

"ደካ አልመለስም" አለችው፣ ሰላም ሳትለው።

"ሰማሁ" አላት። "ሺሺንዳም ሳይሰማ አይቀርም።"